የጋዋኑ ቅምቅማት

መስማት የማይፈልግን ልጅ ከማስተማር ድንጋይ መቀቀል ይሻላል፤ ድንጋይ ባይበስል እንኳ ይሞቃል። የስምንተኛ ክፍሏ የታሪክ መምህርት ይህን የሚነግራት አጥታ አይደለም። እናቷ ነግራታለች፣ የሒሳቡ መምህር ነግሯታል፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ የምታያቸው የተደፉ ጭንቅላቶች ነግረዋታል። እሷ ግን አንድ ነገር ከያዘች መዥገር ናት፤ አትለቅም። ያን ቀንም አንድ እቅፍ ወረቀት ተሸክማ ገባች።

ወረቀቱ የአሮጌ ማስታወቂያ ግልባጭ ነው። የልጆቹ አያቶች ገና ልጅ ሳሉ የከተማው ሹሞች ድልድዩ ላይ የለጠፉት፦ «በድልድዩ መደገፊያ ላይ ልብስ ማስጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ይኸው ነው፤ ከዚህ በቀር አንድ ቃል የለውም።

«ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ይባላል» አለች። «በጊዜው የነበረ ሰው፣ በጊዜው የጻፈው። ሌላ ሰው አኝኮ ያላጎረሰን ጥሬ ነገር። በሉ ጠይቁት። ማን ጻፈው? ለማን? ለምን? ሳይናገር ያለፈውስ ምንድን ነው?»

ዝም። ከኋላ አንዱ አዛጋ፤ ማዛጋት ተላላፊ ነውና ከወንበር ወንበር እየዘለለ እስከ በሩ ደረሰ።

«እሺ፣ ማንም የማያደርገውን ነገር ማን ይከለክላል?» አለች ራሷ ጠይቃ ራሷ ልትመልስ። «ስለዚህ ያኔ ድልድዩ ላይ ልብስ ይሰጣ ነበር ማለት ነው። የሚያሰጣውስ ማን ነበር? ጓሮ የሌለው ሰው አይደለም?»

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የመምህርቷ ልብ ዘለለ።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

መዋሸት አትችልም፤ ሌላው ጥፋቷ ይህ ነው። «አይመጣም» አለች።

እጁም ወረደ፣ ጭንቅላቱም ወረደ። ከመሀል ጥሩምባ የሚሉት ልጅ ተነሣ። ስሙን ያወጡለት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ ልጅ ሲያንሾካሹክ እንኳ ግቢው ይሰማዋል። «ምንጭ ምንጭ ይላሉ እንጂ ቲቸር፣ እስካሁን ጠብ ያለ ነገር የለም!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ሆዷ ግን አልሳቀም።

ከልጆቹ ያልሳቀች አንዲት ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ሐውልት ይሏታል። መስኮቱ ሥር፣ ክንዷ ላይ ተደፍታ፣ ጠዋት እንደገባች ማታ ትወጣለች። አባቷ የልብስ ፋብሪካ ቆራጭ ነበር፤ እሷ አንደኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ የጭነት መኪና ገጨውና በዚያው ቀረ። እናቷ ሌላ አግብታ ሩቅ ሄደች። ያሳደገቻት የአባቷ እናት ናት። መምህራኑ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ አውቀውም በየተራ ተስፋ ቆረጡባት። ተስፋ መቁረጥ ሥራ አይጠይቅማ።

ከክፍል ስትወጣ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ክፋት የሌለው፣ ጆሮም የሌለው ሰው ነው።

«መምህርት፣ የሒሳቡ መምህር ማጠናከሪያ የሚሰጥበት ክፍለ ጊዜ አጥቷል። ካንቺ እወስድለታለሁ ብዬ አስቤያለሁ።»

«ከታሪክ?»

«ምን አለበት? ታሪክስ አንዴ አልፏል፤ ማለፍ ያቃታቸው ልጆቹ ናቸው።» በራሱ ቀልድ ሆዱ እስኪነጥር ሳቀ። «አንድ ክፍለ ጊዜ አስቀርልሻለሁ። ማስታወሻ ታስገለብጫለሽ፣ በቃ። እነሱም ያርፋሉ፣ አንቺም ታርፊያለሽ።»

«ልጆቹን አላየሃቸውም እኮ። አንድ ቀን ገብተህ እያቸው።»

«መልካም። ሐሙስ ከወላጅ ኮሚቴ ሰዎች ጋር እገባለሁ። የሚታይ ነገር ካለ እናያለን» ብሎ ሆዱን አስቀድሞ ሄደ።

የሚታይ ነገር! ተኝተው ያዩዋቸዋል እንጂ ምን ሊያዩ ነው። በማግስቱ ወረቀትም ሳትይዝ፣ ልቧም ሳይኖር ገባች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና እንደ ሰለቸው ሰው «ማስታወቂያውን ተዉት» አለች። «እስቲ ቤታችሁ ያለ አሮጌ ነገር ንገሩኝ። ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ግን የማይጣል።»

«እኛ ቤት ከአያቴ በቀር አሮጌ ነገር የለም!» አለ ጥሩምባ።

«አንተን ዞር ብላ የማታይህስ እሷ ናት» አለው አንዱ፤ ተሳሳቁ። መምህርቷም ልትተወው እጇን ስታነሣ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ሁሉም ዞሩ፤ ድምፁን የሚያውቀው አልነበረም።

«የአባቴ ጋዋን አለ» አለች ሐውልት። ከክንዷ ላይ ቀና ብላለች። «የፋብሪካው፤ ሰማያዊ። በሞተበት ቀን መስቀያው ላይ ጥሎት የወጣው። አያቴ ልብስ ሳጥን ውስጥ እንዳለ አስቀምጣዋለች፣ ማንንም አታስነካም። ቅምቅማቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በጠመኔ የተጻፈ ነገር አለበት።»

«ምን የተጻፈ?»

«ቁጥር መሰለኝ። ደብዝዟል። ሳጥኑ ሲከፈት አሾልኬ ነው ያየሁት።»

«ልኬት ነዋ!» አለ መርፌ። መርፌ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። «ቆራጭ ወረቀት ካላገኘ በራሱ ልብስ ላይ ነው የሚጽፈው። አባቴም ሱሪው ላይ እየጻፈ እናቴ ስትጮህበት ትውላለች። ደረት ስንት ነው የሚለው? ቁመትስ?»

«አላውቅም። ትንንሽ ቁጥር ነው።»

መርፌ ግንባሩን ቋጠረ። «ትንሽ እንዴት ይሆናል? ያ ፋብሪካ እኮ የወንድ የሥራ ልብስ እንጂ ሌላ ሰፍቶ አያውቅም። ትንሽ ከሆነማ የፋብሪካው አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?» አለች ያቺ ስለ ፈተና የጠየቀችው።

ሐውልት ናት የመለሰችው። ስትናገር ወደ ማንም አታይም፤ ወደ ጠረጴዛው ነው። «ቀሚስ እሰፋልሻለሁ ብሎኝ ነበር። በገመድ ለክቶኛል። አያቴ፣ ሕልም ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አላለም ትላለች። እኔ ግን... ገመዱ አንገቴን ሲበላኝ ትዝ ይለኛል።»

በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲያ ያለ ዝምታ ሆኖ አያውቅም። የበፊቱ ዝምታ የእንቅልፍ ነበር፤ ይህኛው ዓይኑን ያፈጠጠ ነው።

«ያኔ የለበስሽው ዩኒፎርም አለ?» አለ መርፌ ድንገት።

«አለ።»

«በቃ! ዩኒፎርሙን እንለካዋለና! ከጋዋኑ ቁጥር ጋር ከገጠመ ያንቺ ነው፣ ካልገጠመ ያንቺ አይደለም!»

መምህርቷ ከወንበሯ ተነሣች። ስንት ዓመት አፏ እስኪደርቅ የለፈለፈችው፣ አንዱን ምንጭ በሌላ ምንጭ ማመሳከር የምትለው፣ ይኸው የልብስ ሰፊ ልጅ ከራሱ ሆድ አወጣው። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«አሁኑኑ ሄዳ ታምጣው!» ጮኸ ጥሩምባ። «ቤቷ እዚህ ጋ ነው! ቲቸር፣ ይፍቀዱላት!»

«ትሂድ! ትሂድ!» አለ ክፍሉ። ሐውልት ግማሽ ተነሥታለች፤ አንድ እግሯ ከወንበሩ ወጥቷል፤ ዓይኗ መምህርቷ ላይ ነው። አንድ ቃል ነው የቀራት።

መምህርቷም ያን ቃል ያዘችው። ሐሙስ ትዝ አላት። ይህ ፊት፣ ይህ ጩኸት፣ ይህ ሁሉ ዳይሬክተሩ ፊት ቢሆን! ሰው ያገኘውን ሳይበላ ለእንግዳ ማስቀመጥ ይወዳል፤ ስንቱ ቤት ነው እንግዳው ሳይመጣ ምግቡ የሚበላሸው።

«ቆይ» አለች። «ሐሙስ እናነበዋለን፤ ሁላችንም አንድ ላይ። እስከዚያ አትንኪው፣ አትዘርጊው። ምንጭ እንዳለ ነው የሚቀርበው። ለአያትሽ ብቻ ንገሪ፣ ሐሙስ እንግዶች ሊያዩት ክፍል ይፈለጋል በያት።»

ሐውልት እግሯን መልሳ አስገባች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ለመምህርቷ የሠርግ ሰሞን ሆኑላት። ልጆቹ ደወል ሳይደወል ይሰበሰባሉ። ጥሩምባ ከየት እንዳመጣው ያልተናገረው ሜትር አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የመጣ የሄደውን ይለካል። ያ የድልድይ ማስታወቂያ ሳይቀር ከተጣለበት ተነሣ፤ «ከልክለውስ ሰው ተወው እንዴ?» ብላ የጠየቀች ልጅ ነበረች፤ መምህርቷ ያን ጥያቄ እንደ ስጦታ ይዛው ቤቷ ገባች።

ረቡዕ ከክፍል ሲወጡ ሐውልት ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ የኔ ባይሆንስ?»

«ቢሆንም ባይሆንም እውነቱን እናውቃለን። ትልቁ ነገር እሱ ነው።»

«እኔ እውነቱን አልፈልግም» አለች ልጅቷ። «የኔ እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

 ለዚህ መጽሐፍ እንኳ መልስ የለው። መምህርቷ ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋ ሸኘቻት። አያትየዋ ጋ ልሂድ፣ ጋዋኑን በዓይኔ ልየው፣ ቁጥሩን ገልብጬ ልያዝ የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣላትም። ለልጆቹ ያላትን ጥንቃቄ ሁሉ ለጠረጴዛ አሰላለፍ አዋለችው፤ ወንበር ስትደረድር አመሸች።

ሐሙስ ዳይሬክተሩ ከሁለት የኮሚቴ ሰዎች ጋር፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት ሴት፣ ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ፀጉራቸውን አበጥረዋል። መርፌ ሐውልት ቀደም ብላ ያመጣችውን፣ የጠመኔ ሰሌዳው ሥር የተዘረጋውን ትንሽዬ ዩኒፎርም ለክቶ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፎታል፦ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። አጠገቡ ባዶ ቦታ ትቷል፤ ለጋዋኑ።

ሐውልት ዘግይታ ገባች። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች። አያቷ ይጨማደዳል ብላ እንዳትፈታው አስምላታለች። ልጅቷ ግን መንገድ ላይ ሸቷታል። ስለሸተታት ነው የዘገየችው። ስለሸተታት ነው ክሩን ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ሳትቸኩል የፈታችው።

ጨርቁ ሲገለጥ የሳሙና ሽታ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ።

ጋዋኑ ታጥቧል። ታጥቦም ተተኩሷል፤ የእጅጌው መስመር ሥጋ ይቆርጣል። የወለቀው ቁልፍ ተተክሏል።  መርፌ ግን ተስፋ መቁረጥ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ቅምቅማቱን ገለበጠው። ሰማያዊ ነው። መስኮቱ ጋ ወስዶ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ሰማያዊ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጨርቁ በብሩሽ ብዛት ሳስቶ ፀጉር አውጥቷል፤ ጠመኔው እዚያ ጋ ነበር።

«የለም» አለ መርፌ ቀስ ብሎ።

ጥሩምባ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ፈታ። ያን ልጅ ያን ቀን ነው ድምፁ ጠፍቶ ያየነው የሚሉ አሉ።

«እሺ» አለች መምህርቷ፤ ድምፁ የሷ አልመሰላትም። «እሺ ልጆች... መታጠቡም እኮ ይናገራል። እንጠይቀው። ማን አጠበው? ለምን አጠበው?»

 ሐውልት ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ባዶው ቦታ እያየች፣ «አያቴ» አለች። «ሰው ፊት ሊቀርብ ነው ብላ።»

ያኔ ከኋላ ጭብጨባ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ቆሟል።

«ግሩም ነው! እውነቴን ነው፣ ግሩም! የአባትን ልብስ እንዲህ ንጹሕ አድርጎ መያዝ! ቅርስ መጠበቅ ማለት ይኸው ነው። ልጆች፣ አጨብጭቡላት!»

የኮሚቴዋ ሴት ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አጨብጭቡ ሲባል ማጨብጨብ እንኳ ትምህርት ቤቱ አስተምሯቸዋል። ዳይሬክተሩ ሲወጣ መምህርቷን ጠጋ ብሎ፣ «ክፍለ ጊዜሽን አልነካም» አላት። «እንዲያውም ሁሉም ክፍል እንዲህ ያድርግ። አንድ አንድ አሮጌ ዕቃ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ። ሒሳቡን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለች። የለመነችው ሁሉ ተሰጣት፤ አንዱም አልጎደለ።

መምህርቷና ሐውልት ሲወጡ በሩ ላይ የልጅቷ አያት ቆማ አገኟት። ለክብር ቀን የምታወጣውን ልብስ ለብሳለች፤ ጫማዋ ይጠባታል መሰል አንዱን እግር እያሳረፈች ትቆማለች።

«አማረ?» አለች ገና ከሩቅ። «ልጄ፣ አንቺን ነው፤ አማረ ወይ?»

«እማማ...»

«ከመጣበት ቀን ጀምሮ እጄን አላሳረፍኩበትም ነበር። ላቡ አለበት፣ እንዴት አድርጌ! ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አሽትቼው እዘጋዋለሁ። ይቺ ልጅ፣ ሹሞች ሊያዩት ነው ስትለኝ ጊዜ ግን፣ ልጄማ ቆሽሾ ሰው ፊት አይቆምም አልኩ። ጨክኜ ነከርኩት። አለቀስኩ፣ አሸሁት፤ አለቀስኩ፣ አሸሁት። ከውስጥ በኩል የጠመኔ ትብታብ ነበረበት፣ እሱ ነው ያስቸገረኝ። በብሩሽ ነው የለቀቀልኝ።»

መምህርቷ የተንጠለጠለችበትን የመጨረሻ ክር ጎተተች። «እማማ፣ ያ ጠመኔ... ቁጥር ነበር? እንዴት ያለ እንደሆነ አይተውታል?»

«እኔ ምን ቁጥር አውቄ? ጭረት ነው ያየሁት።»

«ቀሚስ ሊሰፋላት እንደነበር ነግሯታል ትላለች እኮ። ምናልባት...»

«ኧረ ወዲያ!» አሮጊቷ ሳቀች፤ የፍቅር ሳቅ ነው፣ አያስከፋም፤ እሱ ነው የከፋው። «ያ ልጅ? የራሱን ቁልፍ እንኳ እኔ አልነበርኩ የምተክልለት? ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ ውሎ ቤት ሲገባ መቀስ ማየት አይወድም ነበር። የልጅ ሕልም ነው፣ ተይው።» ከዚያ ፊቷን አኮሳተረች። «ምነው? ምን ሆነ? ያበላሸሁት ነገር አለ?»

ሐውልት ከኋላ የመምህርቷን እጅጌ ያዘች። አልጎተተችም፤ ያዘች ብቻ። መምህርቷ ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ ራሷን በጣም በትንሹ ነቀነቀች፤ አይሆንም ነው።

«ምንም አልተበላሸም፣ እማማ» አለች መምህርቷ። «አምሮ ነበር። አጨብጭበውለታል።»

አሮጊቷ ጨርቁን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «ይኸው፤ ልጄን አላዋረድኩትም» አለች። ተያይዘው ሄዱ፤ አሮጊቷ እያወራች፣ ልጅቷ እያዳመጠች። ማዕዘኑ ላይ ሲታጠፉ አሮጊቷ አሁንም እያወራች ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐውልት ጎበዝ ተማሪ ሆነች። ይህን የሚሰማ ሁሉ እሰይ ይላል። ከመስኮቱ ሥር ተነሥታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አትተኛም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ነጥብ ሳታስቀር ትገለብጣለች፤ ጽሕፈቷ እንደ ማተሚያ ነው። መምህራኑ ተገርመው ይነጋገሩባታል፤ የሒሳቡ መምህር፣ «ምን አድርገሽ ነው የቀሰቀስሻት?» ብሎ መምህርቷን ጠይቋታል። የመስኮቱ ደፍ በተወለወለ መቅረዝ፣ በአሸዋ በታሸ ድስት፣ ጀርባው በእርጥብ ጨርቅ በተጠረገ ፎቶግራፍ ሞላ። ሁሉም ያበራል። ልጆቹ እያመጡ ይደረድራሉ፣ ዳይሬክተሩ እያለፈ ያደንቃል፤ ጠይቁት ብላ ብትለምናቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። መርፌ አንድ ቀን፣ «ቲቸር፣ ታጥቦ የለ፣ ምን ይጠየቃል?» አላት፤ ለነገር አልነበረም፣ እውነቱን ነው።

የመንፈቁ ፈተና መጣ። መምህርቷ የሐውልትን ወረቀት ደጋግማ አገላበጠች። የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ምንድን ነው ለሚለው መጽሐፉ ያለውን ቃል በቃል ጽፋለች፤ አንድ ፊደል አልሳተችም። መምህርቷ አንድ ስሕተት ፈለገች፣ ወይ አንድ ስርዝ፣ ወይ በዳር በኩል የተሞነጫጨረ ነገር። አጣች።

ወረቀት ስትመልስ ልጅቷን አስቀረቻት። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሁለቱ ቀሩ። የምትናገረውን አስባ ነበር፤ ይቅርታ ልትላት፣ ያን ቀን ሂጂ ማለት ነበረብኝ ልትላት። ልጅቷ እጆቿን አጣምራ ሥርዓት ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ነው።

«ቲቸር፣ የጎደለኝ ነገር አለ?»

መምህርቷ ወረቀቱን ዘረጋችላት።

«የለም» አለች። «ሙሉ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። ወረቀቱን አራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ አስገባች፤ በሩን ሳታጮኽ፣ ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።